ከትልቅ ኦፕራሲዮን በኋላ አእምሮ እንዳይናወጥ፦ ለአስታማሚ የተጻፈ መመሪያ

እናትዎ ትልቅ ኦፕራሲዮን ሊደረግላቸው ቀጠሮ ተይዞ ከሆነ ቤተሰቡ ሐኪሙን የሚጠይቀው ስለ ልባቸው፣ ስለ ስኳራቸውና ስለሚያስፈልገው ደም ነው። ስለ አእምሯቸው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ከትልቅ ኦፕራሲዮን በኋላ በብዛት ከሚደርሱት ችግሮች አንዱ ድንገተኛ የአእምሮ መናወጥ ነው፤ ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። ትናንት የልጅ ልጆቻቸውን ስም በየተራ ሲጠሩ የነበሩ እናት ዛሬ ሌሊት ከሞተች እህታቸው ጋር ያወራሉ፤ የግሉኮሱን መርፌ ነቅለው "ወደ ቤቴ ልሂድ" እያሉ ይታገላሉ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ከሚደረግላቸው አረጋውያን መካከል እንደየጥናቱ ከአምስቱ አንዱ፣ በአንዳንዱም እስከ ግማሽ የሚደርሱት ይህ ያጋጥማቸዋል።

ይህን የምጽፈው ለአስታማሚ ነው። ሲስተሯ ብዙ አልጋ ትጠብቃለች፤ ሐኪሙም በዙር ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ አይቶ ያልፋል። እናትዎ ትናንት እንዴት እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ መናወጡን ቀድሞ ማየትም፣ በብዙ መንገድ መከላከልም በእጅዎ ነው።

መከላከል ይቻላል የምለው በባዶ ሜዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የዬል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 852 ሆስፒታል የተኙ ሕሙማንን ተከታትለው ነበር። ለግማሾቹ የተጨመረላቸው መድኃኒት አይደለም። የሚያወራቸው፣ ቀኑን የሚነግራቸው፣ ውኃ የሚያጠጣቸው፣ ደግፎ የሚያራምዳቸው፣ መነጽራቸውን የሚያደርግላቸው፣ ሌሊት በጸጥታ እንዲተኙ የሚያደርግ ሰው ተመደበላቸው። መናወጥ የደረሰባቸው ከሌላው ወገን 15 በመቶ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ግን 9.9 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕሙማኑ የውስጥ ደዌ ታካሚዎች ነበሩ፤ አሠራሩ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሎችም ገብቷል። ለዚህ ሥራ አሜሪካ ውስጥ በጎ ፈቃደኞችን መመልመልና ማሠልጠን አስፈልጓል። እኛ ዘንድ አስታማሚው ድሮም አልጋው ሥር አለ፤ የጎደለው ምን መሥራት እንዳለበት የሚነግረው ሰው ነው።

ስለ ምክንያቱ ጥቂት ልበል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በማደንዘዣው ያሳብባል፤ ሐሳቡም አዲስ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ቤድፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ላንሴት መጽሔት ላይ ጽፎበታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ የዳሌ ስብራት የደረሰባቸውን 1,600 ሰዎች ያሳተፈ ጥናት ሙሉ ሰመመን የተሰጣቸውንና በጀርባ መርፌ ከወገብ በታች ብቻ የደነዘዙትን ሲያነጻጽር የመናወጡ መጠን በሁለቱም ወገን 20 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ "ሙሉ ማደንዘዣ አይሰጣት" ብሎ መከራከር ብቻውን እናትዎን አያድንም። ትልቅ ቁስል በሰውነት ውስጥ የሚቀሰቅሰው ብግነት ወደ አንጎልም ይደርሳል። በዚያ ላይ እንቅልፍ ማጣት፣ ሕመም፣ የውኃ ጥም፣ አንዳንድ መድኃኒቶችና የማያውቁት ክፍል ሲደራረቡ፣ በዕድሜ የደከመው አንጎል መሸከም ያቅተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹን አስታማሚ ሊያቃልላቸው ይችላል።

ቀጠሮው ሳይደርስ

በመጀመሪያ ለሐኪሙ እውነቱን ይንገሩ። እናትዎ ከዓመት ወዲህ አንድ ጥያቄ እየደጋገሙ የሚጠይቁ ከሆነ፣ የሚያውቁት ሰፈር ከጠፋቸው፣ ወጥ እሳት ላይ ጥደው ከረሱ፣ ይህን "እርጅና ነው" ብለው አይለፉት። አስቀድሞ የነበረ የማስታወስ ችግር ለመናወጥ ከሚያጋልጡ ነገሮች ዋነኛው ነው። ቤተሰብ ይህን የሚሸፋፍነው ለእናቱ ክብር ብሎ እንደሆነ ይገባኛል። ሆኖም የማደንዘዣ ባለሙያው ቀድሞ ካወቀ የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን ያስተካክላል፤ ካላወቀ እንደማንኛውም ታካሚ ያያቸዋል።

በዚያው ሰሞን የዛሬውን አቅማቸውን ይመዝግቡ። ስልክዎን አውጥተው ስለ ልጅነታቸው ወይም ስለ ጎረቤት ሲያወሩ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይቅረጿቸው። በኋላ ሐኪሙ "ድሮም እንዲህ ነበሩ?" ብሎ ሲጠይቅ ከምንም ማብራሪያ ይልቅ ይህ ቅጂ ይናገራል።

ቀጥሎ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስበው ይዘው ይሂዱ። ጎረቤት የሰጠው እንክብል፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛው፣ የባህል መድኃኒቱም ሳይቀር። በተለይ ዲያዜፓምን የመሰሉ የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒቶች፣ ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚወሰዱት ክሎርፌኒራሚን፣ ዲፌንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚን፣ እንዲሁም አሚትሪፕቲሊን የአረጋውያንን አእምሮ ያደበዝዛሉ። በራስዎ ውሳኔ ግን አንዱንም አያቋርጡ፤ ዲያዜፓም ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቆም ራሱ መናወጥን ያመጣል።

መጠጥን አይደብቁ። አባትዎ በየማታው አረቄ የሚቀምሱ ከሆነ፣ ወይም እናትዎ ቤት ጠላ የማይጠፋ ከሆነ፣ መጠኑን ጭምር ይናገሩ። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጡ በአንድ ቀን ውስጥ ይጀምርና ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ወደ ብርቱ መቃዠት ሊደርስ፣ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። ቀድሞ ከታወቀ መከላከያ አለው። ብዙ አባቶች ይህን በልጆቻቸው ፊት መናገር ስለሚያፍሩ ከሐኪሙ ጋር ብቻቸውን እንዲነጋገሩ ዕድል ይስጧቸው።

ስለ ምግብ፦ ቀጠሮው ዐቢይ ጾም ውስጥ ከዋለ እናትዎን ከነፍስ አባታቸው ጋር ያገናኙ። ለታመመ ሰው ጾምን ማቅለል የቆየ ልማድ ነው፤ ከልጅ ቃል ይልቅ የነፍስ አባት ቃል ይሰማቸዋል። በረመዳንም የታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ ማሻገር ተፈቅዶለታል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባሉት ሳምንታት እንቁላል፣ ወተት፣ ምስርና ሽሮ ይብዛላቸው፤ በየቀኑም እንደ አቅማቸው ይራመዱ።

የጆሮ ኩክ ካለባቸው ያስጠርጉላቸው። መነጽራቸውን፣ የጆሮ ማዳመጫቸውንና ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ስማቸው በተጻፈበት ዕቃ ያስቀምጡ። የገንዘብ፣ የቤት ወይም የንብረት ጉዳይ ካለም ውልና ማስረጃ የሚያስኬደውን ውክልና አሁን ይጨርሱት። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት ሳምንታት እንዲህ ያለ ወረቀት ማስፈረም ለእሳቸው ፍትሕ የለውም፤ ለቤተሰቡም የኋላ ኋላ ጠብ ያስከትላል።

ቀጠሮ የማይሰጥ ኦፕራሲዮንም አለ። አረጋዊ ሰው ወድቆ ዳሌው ላይ ብርቱ ሕመም ከተሰማውና መቆም ካቃተው፣ እግሩም አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ወደ ወጌሻ ሳይሆን በቀጥታ ሆስፒታል ይወሰድ። ወጌሻ ብዙ ሰው ያገለገለ ሙያ ነው፤ የዳሌ ስብራት ግን በማሸት አይድንም፣ ኦፕራሲዮኑ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል። በሕመም ተኝተው የሚያድሩበት እያንዳንዱ ሌሊት አእምሯቸውን ያዳክማል። ተራ እስኪደርስ በብሽሽት በኩል ነርቭ የሚያደነዝዝ መርፌ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሕመሙንም መናወጡንም እንደሚቀንስ ታይቷል።

የኦፕራሲዮኑ ዕለት

"ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም አይቅመሱ" የሚለው ትእዛዝ አሁንም በብዙ ቦታ ይሰጣል። ዓለም አቀፍ የማደንዘዣ መመሪያዎች ግን ቀለል ያለ ምግብ ከማደንዘዣው 6 ሰዓት አስቀድሞ እንዲቆም ሲያዝዙ፣ ውኃን ማደንዘዣው 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቅዳሉ። ተራቸው ከሰዓት በኋላ ለሆነ እናት ልዩነቱ ትልቅ ነው። የማደንዘዣ ባለሙያውን "ውኃ እስከ ስንት ሰዓት ይጠጡ? ቡናስ?" ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ቀን ከሌት ቡና የለመዱ ሰው በድንገት ሲቀርባቸው ራስ ምታቱና ድብርቱ ከሕመሙ ጋር ይደረባል። ፈቃዱ ግን ከባለሙያው መምጣት አለበት፤ አንዳንድ ሕመም ከዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ሆድ ባዶ እንዲሆን ያስገድዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ከማገገሚያ ክፍል እንደወጡ መነጽራቸውንና የጆሮ ማዳመጫቸውን ይመልሱላቸው። ዓይኑ የደበዘዘ፣ ጆሮው የተደፈነ ሰው በማያውቀው ክፍል ውስጥ ቢደናገር አይፈረድበትም። ፊት ለፊት ሆነው በሚያውቁት ስም ይጥሯቸው። "እማዬ፣ እኔ ነኝ። ሆስፒታል ነን። ዳሌሽ ተሠርቶልሻል። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ነገ ባለ እግዚአብሔር ነው" ዓይነት ንግግር በቀን ብዙ ጊዜ፣ በጨዋታ መካከል ጣል ይደረግ። እንደ ፈተና አይጠይቋቸው፤ እርስዎ ይንገሯቸው።

ጠያቂውን ይወስኑ። ይህ ለኛ ከባድ ነው፤ ወዳጅ ዘመድ፣ ዕድርተኛና የማኅበር ጓደኛ ሁሉ ካላየሁ ይላል። ነገር ግን በአልጋው ዙሪያ አሥር ሰው ቆሞ ሲያወራ የደከመ አእምሮ አንዱን ድምፅ ከሌላው መለየት ያቅተዋል። እናትዎ በሚገባ የሚያውቋቸው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ይፈራረቁ፤ ሌላው ቤት ከገቡ በኋላ ይምጣ። የሚፈራረቁት ሰዎች ያዩትን በአንድ ደብተር ላይ ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት ተኙ፣ ምን በሉ፣ ሽንት ወጣ ወይ፣ ምን አሉ። የመርዶና የክፉ ወሬ ነገርማ በእነዚህ ቀናት ፈጽሞ አይነሣ።

ቀኑ ቀን፣ ሌሊቱ ሌሊት ይሁን። ጠዋት መጋረጃው ይከፈት። ሐኪሙ እንደፈቀደ፣ ብዙ ጊዜም በማግስቱ፣ ተደግፈው ይቀመጡ፣ ይቁሙ፣ ጥቂት ይራመዱ። ማታ ስልክ አይጩኽ፣ መብራቱ ይቀነስ፣ ጸሎትም ቢሆን በለሆሳስ ይሁን። ለሌሊቱ ብቻ ተብሎ የእንቅልፍ ክኒን እንዲሰጣቸው አይጎትጉቱ፤ እንቅልፍ የሚመስለው ድንዛዜ ነገሩን ያብሰዋል።

ሐኪሙ መጠጣት ከፈቀደ ውኃ በየጊዜው በትንሽ በትንሹ ያቅምሷቸው። የሽንት ቱቦ ከገባላቸው "መቼ ይወጣል?" ብለው በየቀኑ ይጠይቁ፤ ከሚያስፈልገው በላይ የቆየ ቱቦ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል፣ ከአልጋም ያስራቸዋል። ሕመም ሲኖር ደግሞ ማስታገሻውን መፍራት አይገባም። ብዙ እናቶች "አይ፣ ደህና ነኝ" ብለው ጥርሳቸውን ይነክሳሉ፤ ፊታቸውን ይመልከቱ። ፓራሲታሞል በሰዓቱ እንዲሰጥ ቢደረግ የጠንካራውን ማስታገሻ መጠን ይቀንሳል። ከጠንካሮቹ መካከል ፔቲዲን ለአረጋውያን አእምሮ የማይስማማ መሆኑ የታወቀ ነውና ሌላ አማራጭ ይኖር እንደሆነ ሐኪሙን በትሕትና ይጠይቁ።

መናወጡ መጀመሩን በምን ያውቃሉ? የሚቃዡትንና የሚታገሉትንማ ሁሉም ያያል። የሚያመልጠው ጸጥተኛው ዓይነት ነው። እናትዎ ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋሉ፣ ሲጠሯቸው ዘግይተው ይመልሳሉ፣ ጉርሻ አፋቸው ውስጥ ይዘው ይረሳሉ፣ ግድግዳ ያያሉ። ዘመድ "ተመስገን፣ እረፍት አገኙ" ይላል። አረጋውያን ላይ በብዛት የሚታየው ይኸኛው ነው፤ ሳይታወቅ ስለሚቆይም የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ጠዋትና ማታ ይህን ያድርጉ፦ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ በጨዋታ መልክ ይጠይቋቸው። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰውም የሚችለው ነው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይሉት የነበሩ ሰው ዛሬ መሐል ላይ ጠፍቷቸው ከቀሩ፣ ወይም ጠዋት ደህና ሆነው ማታ ከተለወጡ፣ ለሲስተሯ ይንገሩ።

መናወጡ ከጀመረ

በዚያው ሰዓት ይናገሩ፤ እስከ ጠዋቱ ዙር አይጠብቁ። "እናቴ እንዲህ አልነበረችም፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ተለውጣለች" ብለው ይጀምሩና ደብተሩን ያሳዩ። መናወጥ ብዙ ጊዜ የሌላ ሕመም ምልክት ነው። የሳንባ ወይም የሽንት ኢንፌክሽን፣ የቁስል ማመርቀዝ፣ የኦክስጅን ማነስ፣ የስኳር ወይም የጨው መዛባት፣ የሽንት መታገት፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ እነዚህን አንድ በአንድ እንዲመረምር ይጠይቁ፤ ያልታከመ ሥር ካለ ማረጋጋት ብቻውን አይረዳም።

አንድ ምልክት ከሌሎቹ ይለያል። ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግራቸው በድንገት ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል አንዲትም ደቂቃ አትባክን።

እሳቸውን በተመለከተ አይከራከሩ። "እህትሽ እኮ ሞታለች" ማለት በየጊዜው አዲስ መርዶ ነው። "ናፍቃሽ ነው፤ አሁን እኔ አለሁ" ብለው እጃቸውን ይያዙ። አልጋ ላይ ማሰር ፍርሃቱን ያባብሳል፣ ጉዳትም ያደርሳል፤ መርፌውን የሚነቅሉ ከሆነ ክንዳቸውን በሻሽ መሸፈንና አጠገባቸው መቀመጥ ይሻላል። በዚህ ጊዜ ከዘመድ መካከል "ይህስ የሐኪም አይደለም" ብሎ ከሆስፒታል አስወጥቶ ጠበል ሊወስዳቸው የሚፈልግ ይኖራል። እምነቱን አይንቀፉ። ጠበሉ ቁስሉ ሲድን ይደርሳል፤ መጠጣት የሚችሉ እንደሆነም ሐኪሙን ጠይቆ እዚያው ማምጣት ይቻላል። መውጣቱ ግን ኢንፌክሽኑ ሳይታከም እንዲቀር ያደርጋል።

በሰው አገር ለምትኖሩ

ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ፣ ወላጆቹን በውጭ አገር ሆስፒታል የሚያስታምም ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ነርሷ ለምርመራ "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ዓመተ ምሕረቱስ?" ስትል እናትዎ በእኛ አቆጣጠር ትክክለኛውን ይመልሳሉ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ስሕተት ተብሎ ይጻፋል። በአገሩ ሰዓት ጠዋት ዘጠኝ ላይ "ሦስት ሰዓት" ቢሉም እንደዚያው። ወራትን ከዲሴምበር ወደ ኋላ መቁጠር ለእሳቸው የአእምሮ ፈተና ሳይሆን የፈረንጅ ቋንቋ ፈተና ነው። ገና ሲገቡ ይህን ለነርሷ ያስረዱ፣ በመዝገባቸውም ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ የሕግ ግዴታ አለባቸውና ይጠይቁ። ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም የተዘባረቀውን አቃንቶ ይናገራል፤ ሐኪሙ ማወቅ ያለበትም ያንኑ የተዘባረቀውን ነው።

ቤት ከገቡ በኋላ

መናወጡ በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ይቀላል፤ አንዳንዱ ግን ሳምንታት ይቆያል፤ ሳይጠራ ወደ ቤት የሚመለስም አለ። ከዚህ የተለየ፣ ቀስ ያለ ድካምም አለ፦ ስም መርሳት፣ ጨዋታ መከታተል ማቃት፣ የቤት ወጪ ማስላት መክበድ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 1,218 ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት ይህን ከሳምንት በኋላ በ25.8 በመቶ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ በ9.9 በመቶ የሚሆኑት ላይ አግኝቶታል። አብዛኞቹ በሦስት ወር ውስጥ ተመልሰዋል ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር በሚያዩት ተስፋ አይቁረጡ፤ ሦስተኛው ወር ሲያልፍ ደግሞ ችላ አይበሉ።

በእነዚህ ወራት ቤቱ የለመዱት ቤት ይሁን። በየልጁ ቤት አያዘዋውሯቸው። መድኃኒታቸውን ሌላ ሰው ይቆጣጠር፤ ምድጃና ደረጃ ላይ ብቻቸውን አይሁኑ። በየቀኑ ይራመዱ፣ ሰው ያግኙ፣ እርስዎ አጠገባቸው ተቀምጠው ቡናውን እሳቸው ያፍሉ። የደም ግፊታቸውና ስኳራቸው ክትትል እንዳይቋረጥ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከልብ ውጭ ያለ ትልቅ ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው ሰዎች መካከል ከ14ቱ አንዱ ምልክት ያላሳየ ስትሮክ እንደነበረበት አሳይቷል፤ እነዚህ ሰዎች በዓመቱ የማሰብ አቅማቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል።

ሦስት ወር ሲሞላ ያንን የስልክ ቅጂ እንደገና ይመልከቱ፤ ከዛሬ ንግግራቸው ጋር ያስተያዩት። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየዎት ቅጂውንና ደብተሩን ይዘው ወደ ነርቭ ሐኪም ወይም ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ይውሰዷቸው፤ የቫይታሚን ቢ12፣ የታይሮይድ ወይም የድብርት ችግር ሆኖ በሕክምና የሚቃና ሊሆን ይችላል። ደህና ሆነው ካገኟቸውም አንድ ነገር ይቀራል። ሆስፒታል ሳሉ ዴሊሪየም ደርሶባቸው ከነበረ በየትኛው ቀን እንደጀመረና በየትኛው መድኃኒት እንደባሰ በካርዳቸው ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ። አንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው በሚቀጥለው ኦፕራሲዮን ይበልጥ የተጋለጠ ነውና ያኔ የሚመጣው የማደንዘዣ ባለሙያ መጀመሪያ ማንበብ ያለበት ይህንን ነው።